ጉልበት ሳሚ

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ዛሬ ገበያ መሃል ልጄ ጭቃ ላይ ተንከባለለች፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ከዚያ የሆነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ መጻፍ አለብኝ። ነገ ስነሳ ንዴቴ በርዶ ይቅር እንዳልል እፈራለሁ።

ነገሩ ፊኛ ነው። ማርያማዊት ቀይ ፊኛ አየች፣ ግዢልኝ አለች፣ ዛሬ አይሆንም አልኳት፣ ተዘረረች። ገና አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ ያን ሁሉ ድምፅ ከየት እንደምታመጣው እንጃ። እኔ ግን የመዋእለ ሕፃናት መምህርት ነኝ፤ እንደ እሷ ያሉ ስንቱን አስተካክያለሁ። በክረምት ሥልጠና ላይ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈልንን አልረሳሁም፦ ያጨበጨቡለት ይደገማል፣ ፊት የነሱት ይጠፋል። ልጅ ሲያለቅስ የጠየቀውን ከሰጡት ማልቀስን አስተማሩት ማለት ነው። ስለዚህ አልጮህኩም፣ አልቆነጠጥኩም። ዞር ብዬ የሽንኩርት ዋጋ መጠየቅ ጀመርኩ። ትንሽ ጊዜ ብታገኝ ኖሮ ዝም ትል ነበር፤ ድምጿ መውረድ ጀምሮ ነበር እኮ።

ሰው ግን አይታገሥም። «የማን ልጅ ናት?» «እናቷ ጥላት ሄዳ ነው?» «የለም፣ ያችውልሽ ቆማለች።» በዚህ መሃል እትዬ የብርጓል ብቅ አለች፤ የባሌ የአምሳሉ ታላቅ እህት። ልጄን ከጭቃው አነሳቻት፣ በነጠላዋ ጠረገቻት፣ ፊኛውን ገዛችላት፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ከቋጠረችውም ከረሜላ ፈታችላት። ልጄ ጸጥ አለች። ከዚያ ሽንኩርት ሻጯም፣ ጫማ ሻጩም፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እየሰማ ወደ እኔ ዞረችና፣

«የሰው ልጅ ታስተምራለች ይሏታል። አንቺ ድንጋይ እናት» አለችኝ።

ሰው ሳቀ። ሽንኩርት ሻጯ እየመዘነች ሳቀች። እኔ ደግሞ ምን ብል ጥሩ ነው፦ «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ ያኑሩልኝ» አልኩ። በአፌ እርስዎ እላታለሁ። በዚህ ደብተር ላይ ግን ከእንግዲህ «እሷ» ናት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ጥቅምት 9

ከቅዳሴ ስንወጣ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ፦ «ያቺ ናት ድንጋይ እናት።» ዘወር ብዬ አላየሁም። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን የማስር መሰልኩ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።

ጥቅምት 11

ቸኩያለሁ። አንድ አባት ልጁን ሊያደርስ መጥቶ «መምህርት፣ ቢያለቅስብሽ ታነሺልኛለሽ አይደል?» አለኝ። እየሳቀ። ርእሰ መምህርቷም ጠርታኝ «ገበያ ላይ ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። ገበያም ሪፖርት ያደርጋል ለካ። የብርጓል። የብርጓል። የብርጓል።

ጥቅምት 13

ከሥራ ስመለስ ወላጆችን እያየሁ መጣሁ። ሚኒባስ ውስጥ አንዱ አባት ልጁ ሲነጫነጭበት ስልኩን ሰጠው፤ ልጁ ዝም አለ። ስልኩን ሲቀበለው ልጁ እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ሰጠው። «ወራጅ አለ» እስኪል ድረስ ልጁ አባቱን አሠልጥኖ ጨረሰ። ከወረድኩ በኋላ ደግሞ አንዲት እናት ልጇን «ዝም ካላልሽ ለዚያ ፖሊስ ነው የምሰጥሽ» ስትል ሰማሁ። ፖሊሱ የልጅቷን ጉንጭ ነካ አድርጎ ፈገግ ብሎ አለፈ። ከዛሬ ጀምሮ ያቺ ልጅ የእናቷን ቃል አታምንም። ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ልጁን ሲያስተምር ይውላል፤ ምን እንደሚያስተምር ግን አያውቅም።

ማታ እትዬ እንደ ልማዷ መጣች። ነጠላዋን እንደ ባላገር ሴት እስከ ቅንድቧ ተከናንባ በራችን ላይ ባለው በርጩማ ቁጭ ትልና «ነይ የኔ ዓለም፣ ጉልበት ሳሚ» ትላለች። ማርያማዊት ሮጣ ጉልበቷን ትስማለች። «እደጊ፣ ተመንደጊ።» ከዚያ የነጠላው ጫፍ ይፈታና ከረሜላ ይወጣል። ይህን ማታ ማታ ሳየው የኖርኩት ነው፤ ዛሬ ግን በመምህርት ዓይን አየሁት። ይቺ ሴት ልጄን አሠልጥናታለች። ዓይኔ ሥር፣ በገዛ ቤቴ። ልጅ የላትም። እናታቸው ስትሞት አምሳሉን ያሳደገችው እሷ ናት፤ አሁን ደግሞ የእኔን ልጅ ጀመረች።

በራሷ ከረሜላ ነው የምመታት።

ጥቅምት 14

መንገዱ ስለተዘጋ አምሳሉ ከነመኪናው ከነጭነቱ ባሕር ዳር ቀርቷል። ቤት ውስጥ ምን እያደረግሽ ነው የሚለኝ የለም። ከጎረቤታችን ከረሺዳ ሱቅ ከረሜላ ገዛሁ፤ ቢጫውን፣ እትዬ የምትገዛውን ዓይነት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እናቴ ባለፈው ከምትኖርበት ከሮብ ገበያ መጥታ ስትመለስ የረሳችው ነጠላ አለ። እሱን እንደ እትዬ እስከ ቅንድቤ እከናነባለሁ። በርጩማው ላይ ቁጭ ብዬ ድምፄን ጎርነን አድርጌ «ነይ የኔ ዓለም፣ ጉልበት ሳሚ» እላለሁ። ጉልበቴን ከሳመች ምንም የለም። ፊቷን ካዞረች ግን ነጠላውን ወርወር አድርጌ አጨበጭባለሁ፣ አቅፋታለሁ፣ ከረሜላ እሰጣታለሁ።

መጀመሪያ ግራ ገባት። ጉልበቴን ስማ እጇን ዘርግታ ቆመች። ዝም አልኳት። እንደገና ሳመች። ዝም። ዓይኗ እንባ ሲያቀርር ወደ ግድግዳው ዞር አለች፤ ያኔ አጨበጨብኩ። እንዴት እንደሳቀች። ልጄ ፈጣን ናት።

ጥቅምት 18

አሁን ነጠላውን ገና ሳነሳው ትዞራለች። ግንባሯን ግድግዳው ላይ ለጥፋ መዳፏን ብቻ ወደ ኋላ ትዘረጋለች። በሳቅ ፈረስኩ። እትዬ በምትመጣበት ሰዓት ልጄን ይዤ ረሺዳ ጋ እገባለሁ፤ ሥልጠናው ሳይደርቅ እንዳይበላሽ።

ረሺዳ ዛሬ «ዘመናይ፣ ልጅሽ ምን ሆናለች? ሱቅ ስትገባ መጀመሪያ ፊቷን ታዞራለች፣ ከዚያ እጇን ትዘረጋለች» አለችኝ። ጨዋታ ነው አልኳት። «ምን ዓይነት ጨዋታ?» ብላ ትክ ብላ አየችኝ። የሱቅ ሰው ጥያቄ ያበዛል።

የነፍስ አባታችን ቄስ ኪዳነ ማርያም «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የምትል ተረት ከአፋቸው አትለይም። ስለዚህ ሰሞኑን መጸለዩን ትቼዋለሁ። እንዳያስለኝ።

ጥቅምት 21

ተሳካ። ሴቶቹ ሄደዋል፣ ዕቃው ሳይታጠብ ተቆልሏል፣ እኔ ግን ጣዕሙ ሳይለቀኝ መጻፍ አለብኝ።

የዚህ ወር የማርያም ማኅበር ተረኛ እኔ ነበርኩ። ጠላዬ አልኮመጠጠም፣ ሽሮዬ ተመሰገነ። ቄስ ኪዳነ ማርያም ጸሎት አድርሰው ጽዋው ከዞረ በኋላ እንደ ወጉ ልጆች ተጠሩ፤ የትልልቆቹን ጉልበት እየሳሙ እንዲመረቁ። ማርያማዊትን ነጭ ቀሚስ አልብሻታለሁ። መስቀል ተሳለመች። የቄሱን ጉልበት ሳመች። የየኔአለምንም ሳመች። የኔአለም አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ናት፤ የሚጠባ ልጅ አላት፣ አፏም እንደ ልጇ አፍ አያርፍም።

እትዬ ጋ ደረሰች። «ነይ የኔ ዓለም፣ ጉልበት ሳሚ።»

ልጄ ቆመች። ዞረች። ሮጣ መጥታ ፊቷን ቀሚሴ ውስጥ ቀበረች።

እትዬ ሳቅ አለች። «ደክሟት ነው» አለች። የነጠላዋን ጫፍ መፍታት ጀመረች፤ ቋጠሮው አልፈታ አላት። «ነይ እንጂ፣ ይኸውልሽ።» ልጄ ይበልጥ ተለጠፈችብኝ። ገበያ ላይ በእኔ ተስቆ ነበር፤ ዛሬ ግን ማንም አልሳቀም፣ እና ደስ ያለኝ እሱ ነው። እጇን ወደ ኋላ ሳትዘረጋ ብድግ አድርጌ ጓዳ ይዣት ገባሁና ሁለት ከረሜላ አጎረስኳት።

ስመለስ የኔአለም ከጎኗ ላለችው ሴት «ልጅ ያያል፤ እኛ የማናየውን ያያል» ስትል ሰማሁ። የሚጠባውን ልጇን በነጠላዋ ሸፈነችው። ለምን እንደሸፈነችው አልገባኝም። አልገባኝም ብያለሁ።

ጥቅምት 25

ቦኖ ውኃ ላይ ተሰልፈን። የኔአለም፦ «ልጅ ያልወለደች ሴት የሰው ልጅ ስታይ ዓይኗን አይታችሁታል?» ሌላዋ፦ «ቡዳ ትሆን እንዴ?» ይህን ቃል እኔ አልተናገርኩም። እዚህ ይጻፍልኝ። እኔ ባልዲዬን ነው ያነሳሁት። ወሬም እንደ ልጅ ለቅሶ ነው፤ ፊት ከነሱት ይጠፋል።

ኅዳር 3

አልጠፋም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የየኔአለምን ልጅ ትኩሳት ያዘውና የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን አየው?» ሆነ። እትዬ ቅዳሜ ለገበያ ይዛ የወጣችውን ቅቤ ይዛ ተመለሰች አሉ፤ ቀምሶ የሚያልፍ እንኳን ጠፋ።

ዛሬ መንገድ ላይ ከሩቅ አየኋት። ከትምህርት ቤት የሚወጡ ልጆች በአጠገቧ ሲያልፉ እናቶቻቸው ወደ ጉያቸው ይስቧቸዋል። እሷም ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ሳብ አድርጋ መሬት መሬት እያየች አለፈች። እሰይ አልኩ። ጮክ ብዬ አይደለም።

እራት አልበላሁም።

ኅዳር 9

አምሳሉ ደወለ፤ እህቱን «እታለም» ነው የሚላት።

«እታለም ስልክ አታነሳም። ቤት ትመጣለች?»

«ሰሞኑን አልመጣችም።»

«ምን ሆና?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ቅር ብሏት ይሆናላ።»

ከዚያ ያንኑ ታሪኩን ጀመረ። ልጅ ሆኖ ታሞ ከአማኑኤል ከተማ እስከዚህ እስከ ማርቆስ አዝላው በእግሯ እንደመጣች፣ መንገድ ላይ ዝናብ ሲይዛቸው የራሷን ቀሚስ አውልቃ እንደሸፈነችው። «ያቺ ሴት ባትኖር እኔም የለሁ፣ ማርያማዊትም የለች» አለ። «እኔስ?» ልለው ነበር፤ ኔትወርኩ ተቆረጠ። ሰባት ዓመት አብሬው ኖሬ ስለ እኔ እንዲህ የሚያወራው ታሪክ የለውም። እኔ ያዘልኩት ሰው የለም ማለት ነው። ያዘልኳት ልጅም ጭቃ ላይ የተውኳት ናት የምትታወሰው፤ ለዚህም ምስጋናው ለማን እንደሆነ ይታወቃል።

ኅዳር 21

ማኅበሩ በየኔአለም ቤት ነበር። ልጇ ድኗል፤ ወሬው ግን አልዳነም። የታኅሣሥ ተረኛ እትዬ የብርጓል ናት። በሩ አጠገብ ቁጭ ብላ ነበር፤ ቦታ የለቀቀላትም ጠጋ ያላትም የለም።

ጽዋው ሊሸኝ ሲል የኔአለም «ለታኅሣሥ ወደ ሌላ ቤት ይለፍ ተባብለናል» አለች።

ቄስ ኪዳነ ማርያም ቀና አሉ። «ተራው የየብርጓል አይደለም እንዴ? ምን አይታችሁ ነው?»

«እኛ ምንም አላየንም አባ። ያየችው የዘመናይ ልጅ ናት። እሷን ይጠይቋት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እትዬም አየችኝ። እዚህ ላይ መናገር እችል ነበር፤ የምታስፈልገው አንዲት ቃል ነበረች። «ልጅ ናት አባ፤ እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩ።

እትዬ «ጌሾዬን ወቅጫለሁ። ብቅሉም ደርሷል» አለች። ለማንም አልነበረም የተናገረችው። ተነስታ ጫማዋን ፈለገች። ደጁ ላይ ልጆች ይጫወቱ ነበርና እስኪያልፉላት ድረስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች። ልክ ልጄ እንደምታደርገው ነው ያደረገችው።

እንግዲህ አሸንፌያለሁ። ድንጋይ እናት የሚለኝ የለም፤ የእኔን ስም ጥለው የእሷን አንስተዋል። ይህን ነበር የፈለግኩት። ትንሽ በዝቷል እንጂ። የበዛውን እኔ አልጨመርኩትም፤ የጨመሩት እነሱ ናቸው። ግን ስትወጣ ለምን ቀና ብላ አየችኝ? ብትሰድበኝ ምን ነበረበት።

ኅዳር 26

ሥልጠናውን ላፈርሰው ነው። ስለ እትዬ ብዬ አይደለም። ዛሬ ጠዋት ለኪዳን ነጠላዬን ስከናነብ ልጄ ከእኔ ፊቷን አዞረችና መዳፏን ዘረጋች። የራሴው ልጅ፣ ከራሴው።

ማፍረሱ ቀላል ነው፤ ከረሜላውን ማቆም ብቻ። ፊት የነሱት ይጠፋል ተብሎ የለ። ነጠላውን ለብሼ ጠራኋት፣ ዞረች፣ ምንም አልሰጠኋትም። ጠበቀች። በደንብ ያልዞረች መስሏት ይበልጥ ዞረች። ማዕዘኑ ውስጥ ገብታ ፊቷን ደበቀች። አሁንም ምንም። ግድግዳውን በመዳፏ መምታት ጀመረች፤ «ዞርኩ እኮ፣ ዞርኩ እኮ» እያለች። መምህሩ ከመጥፋቱ በፊት ይብሳል ብሎን ነበር። በዚህ ጊዜ የተሸነፈ ያባሰውን ያጸናዋል ብሎን ነበር።

ሰጠኋት። እያለቀሰች ነበር፣ ምን ላድርግ።

ታኅሣሥ 12

ረሺዳ ዛሬ ከረሜላ አልሸጥልሽም አለችኝ። አለቀ ብላ ነው፤ የከረሜላው ዕቃ ግን ሙሉ ነበር። ከዚያ «የብርጓል ቤቷን ለቃ አማኑኤል ዘመድ ጋ ልትገባ ነው» አለችኝ። «ትናንት ከረሜላ ገዝታ፣ በር ላይ ደርሳ ተመለሰች። ለማን እንደምገዛ ረስቼው ነው ብላ መለሰችልኝ።»

ምን እንድላት ነው የምትነግረኝ? ትሂድ። አማኑኤል ሩቅ አይደለም።

ታኅሣሥ 20

እናቴ ሽታዬ ከሮብ ገበያ አመሻሽ ላይ ገባች። አንድ ዓይኗ ሄዷል፣ ሌላውንም ሞራ ሸፍኖታል፤ ሐሙስ ሆስፒታል ቀጠሮ አላት። ልጄ ተኝታ ነበር የደረሰችው። «አትቀስቅሻት፣ ነገ በፀሐይ አያታለሁ» አለች። «የሐኪም ነገር አይታወቅም፤ ይቺ ዓይኔም ሳትሄድ ፊቷን አንዴ ልጠግበው ብዬ ነው የቸኮልኩት።»

ነጠላዋን ከመንጠቆው ላይ አገኘችው። «ይኸው የት ጣልኩት እያልኩ» ብላ አጠፈችው። ይታጠብልሽ አልኳት። «ንጹሕ ነው እኮ ልጄ።» ሌላ ምን ልበላት። ተኛሁ ለማለት ያህል ተጋደምኩ።

ታኅሣሥ 21

እናቴ በጠዋት ለኪዳን ቀድማን ሄደች። እኔና ማርያማዊት ቅዳሴ ሊወጣ ሲል ደረስን። ሆን ብዬ አረፈድኩ፤ እናቴ ቀድማኝ ወጥታ እንድትሄድ ብዬ። አልሄደችም። ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ያንን ነጠላ እስከ ቅንድቧ ተከናንባለች። ማኅበርተኞቹ ከበዋታል፣ ቄስ ኪዳነ ማርያም መስቀል ያሳልማሉ። እትዬ የብርጓል ለብቻዋ በሴቶች በር በኩል ቆማለች፤ በማግስቱ ልትሄድ ማርያምን ልትሰናበት ነበር የመጣችው።

እናቴ የልጄን ድምፅ ሰማች። ሁለት እጇን ዘረጋች።

«ነይ የኔ ዓለም፣ ጉልበት ሳሚ።»

ማርያማዊት ቆመች። አየቻት። ከዚያ እንዳስተማርኳት ዞረች፤ ንጹሕ አድርጋ፣ አንገቷን ሰብራ። የእናቴ እጆች አየር ላይ ቀሩ። «ማን ናት? ልጅቷ ናት?» አለች፤ የምታየው ጭላንጭል ስለሆነ ፊት ይሁን ጀርባ መለየት አልቻለችም። «ፊቷ የት ነው?»

ልጄ ወደ እኔ መጣች። መዳፏን ከፍታ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ ጮክ ብላ፣

«እማ፣ ዞርኩ። ከረሜላዬስ?» አለች።

«ምን አለች?» አለች የኔአለም።

ሌሎቹ ሁሉ ሰምተዋል። ልጄ ያልሰማኋት መስሏት ደገመችው። «እንደ እትዬ ጊዜ ዞርኩልሽ እኮ።» ሴቶቹ አንድ በአንድ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት። የኔአለም እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቄሱ መስቀላቸውን ዝቅ አድርገው፣ እኔ ብቻ እንድሰማ፣ «አሳለሽ እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

ያኔ እትዬ መጣች። መሬት ይከፈትልኝ ነበር ጸሎቴ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ የጸለይኩት። መጥታ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች፤ ቋጠሮው ውስጥ አሁንም አንድ ነበረች። ልጄ ስታያት ፊቷን አዞረች፣ መዳፏን ግን ወደ ኋላ ዘረጋችላት። እትዬ ከረሜላዋን መዳፏ ላይ አኖረችላትና ወደ ሴቶቹ ዞረች።

«ከረሜላ ያስለመድኳት እኔ ነኝ። በእናቷ አትፍረዱ» አለች።

ይህን ይቅር አልላትም። ብትሰድበኝ እንተያይ ነበር። በሰው ፊት አዋረደችኝ ስል ከርሜ፣ በሰው ፊት ደግሞ ሸፈነችኝ። ሁለቱንም ጊዜ የታየሁት እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 23

እናቴ ሆስፒታል ገብታለች። ስሸኛት «ተኝታ ሳለች ጎንበስ ብዬ አይቻታለሁ፣ ይበቃኛል። ፊቷ አምሳሉን ነው» አለችኝ። አልተቆጣችኝም። ነጠላዋን ቤት ትታው ሄደች፤ በዚህኛው ጊዜ አልረሳችውም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ሌላ ሰው ላይ ሲሆን ያስቃል።

ታኅሣሥ 30

በገና ማግሥት ማኅበርተኞቹ በቄሱ ቤት ተሰበሰቡ። የኔአለም ከሁሉ በልጣ ተቆጣች፤ ልጇን የሸፈነች ሴት ስለሆነች ነው። ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ትጠይቅ አለች። አንዷ «ድንጋይ ላይ ድንጋይ» ብላ ሳቀች። እትዬ ግን ሸክሙ ይቅር አለች። «ወደ አማኑኤል አልሄድም። የጥር ጽዋ ወደ ቤቴ ይምጣ። ዘመናይም ልጇን ይዛ ትምጣና ጉልበቴን ትሳም» አለች። ልጅቷ ይሁን እኔ፣ ማን እንደሚስም አልተናገረችም።

እህ። ይቅርታዋም ጥርስ አለው። በዚህ በዚህስ እንመሳሰላለን።

ጥር 14

እናቴ በአንድ ዓይኗ ታያለች። መንገዱ ተከፍቶ አምሳሉ ገባ። ሁሉንም ከየኔአለም ሰምቷል። አልጮኸም፣ አልተቆጣም። ብቻ ሳናግረው ፊቱን ያዞራል። መዳፉን ግን አይዘረጋም፤ ከእኔ የሚፈልገው ነገር የለም።

ጥር 21

የአስተርእዮ ማርያም። የእትዬ ቤት ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ቡዳ ናት ያሉት ሁሉ ጠላዋን ሲቀዱላቸው ቶሎ ቶሎ ይጠጣሉ፤ ማመናቸውን ሊያሳዩ። የኔአለም ልጇን እትዬ ጭን ላይ አስቀምጣ ዞር ዞር እያለች ታያለች፤ ሁሉም እንዲያይላት።

ማርያማዊትን ይዤ ገባሁ። አምሳሉ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጽዋው ከዞረ በኋላ ልጆቹ ተጠሩ፤ ልጄ እትዬ ጋ ስትደርስ ዞረች። ሁሉም ወደ እኔ አየ። እትዬ ልጅቷን አልጠራችም። እኔን ነው የጠራችኝ።

«ነይ የኔ ዓለም።»

ላሸንፋት ያሰብኩት እንዲህ ነበር፦ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ፣ ቀልጠፍ ብዬ አጎነብሳለሁ፣ ልቤ ሳይኖርበት ስሜ እነሳለሁ። ሥነ ሥርዓት ነው፤ ቂሜን ይዤ ነው የመጣሁት፣ ይዤው እወጣለሁ። ሄድኩ። አጎነበስኩ። ጉልበቷን ሳምኩ። ቅቤና ጌሾ ይሸታል። ልጄ ማታ ማታ የምትስመው ይህን ነው ለካ።

ቶሎ አልተነሳሁም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እጇን ራሴ ላይ አሳረፈችና ለልጅ እንደሚባለው «እደጊ፣ ተመንደጊ» አለችኝ። አንዲት ሴት እልል አለች፣ ሌሎቹ አጨበጨቡ። ያጨበጨቡለት ይደገማል፤ ይህን እዚያ ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

እትዬ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ቢጫ ከረሜላ መዳፌ ላይ አደረገችልኝ።

ልጄ ዞራ ቆማለች፤ በትከሻዋ አሻግራ በአንድ ዓይኗ ታየኛለች፤ ማን ሳመ፣ ማን ተሸለመ እያለች። ለእሷ ልሰጣት ብዬ ዞር አልኩ። መዳፌ ባዶ ነበር። ከረሜላው አፌ ውስጥ ነው።